አያ በላቸው ያጠራቀሙት ዋት

ጥቅምት 8

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሰገን ናት። «የሰው ጆሮ ከምትበላ ወረቀት ብላ» ብላኝ። እሺ፣ ልብላ።

እኔ ማስተዋል ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ተጣላን፤ እስካሁን አስታራቂ ሽማግሌ አልመጣም። የምኖረው ወረታ፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ጀርባ ባለ ግቢ፣ አክስቴ እማዋይሽ ዘንድ ነው። አክስቴ ጠላ ትሸጣለች፤ እኔ እቀምሳለሁ።

በግቢው አምስት ቤት አለ፤ ቆጣሪ ግን አንድ ነው። እሱም በአያ በላቸው ስም ነው። አያ በላቸው ድሮ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ አሁን የቆጣሪው ሊቀ መንበር ናቸው። የተቀረነው፣ አክስቴ፣ ጸጉር አስተካካዩ ገበያው፣ መሪጌታ ኪዳነ ማርያምና ሰገን፣ ከእሳቸው ሽቦ ቀጥለን እንኖራለን። ሰገን የጓሮዋን ክፍል ተከራይታለች። ስለ ከብትና ስለ ዶሮ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ተመርቃለች፤ ሥራ ግን አላገኘችም። ስለ እሷ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥቅምት 11

ብሬከሩ ዛሬም ወደቀ። ገበያው የአንድ ሰውዬ ግማሽ ራስ ላጭቶ ግማሹ ላይ ሳለ ቶንዶሱ ቀጥ አለ። ሰውየው የይፋግ ገበያ ሊያመልጠው ሆነና በግማሽ ጸጉሩ ተነሥቶ ሄደ። «አይዞህ ወንድሜ፣ የቀረውን ይፋግ ያጭዱልሃል» አልኩት። ድንጋይ ወረወረብኝ፤ ሳተኝ።

ከዚያ በኋላ የተለመደው ችሎት ተጀመረ።

«ምጣድ የጣደው ማነው?» አሉ አያ በላቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ።

«የኔ ምጣድ ቀዝቃዛ ነው! መጥተው ይዳስሱ!» አለች አክስቴ። እንዳይዳስሱ ግን በሩን ይዛ ነው የቆመችው።

«እኔስ ያለችኝ አንዲት አምፖል ናት። እሷንም ለዳዊት ነው የማበራት» አሉ መሪጌታ። ከኋላቸው የውኃ ማፍያው ገና እየተንተከተከ ነበር።

ገበያው ደግሞ «እኔ በመቀስ ነው የምሠራ» አለ፣ ቶንዶሱን ከጀርባው ደብቆ።

በዚህ ግቢ መብራት የሚጠቀም ሰው እንደሌለ ዛሬ ገባኝ። ቆጣሪው ብቻውን ነው የሚዞረው።

ጥቅምት 14

ሰገን የጫጩት መፈልፈያ ማሽን አመጣች። ሣጥን ነው፤ ወደ መቶ ግድም እንቁላል ይይዛል። አጠገቡ የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር አስቀምጣለች፤ መብራት ቢጠፋ ለግማሽ ቀን ያህል ይይዝላታል።

«ማስተዋል፣ እስቲ ና ይህን ተመልከትልኝ።»

«የተመረቅሽው አንቺ፣ ተመልካቹ እኔ?»

«እኔ የተማርኩት ዶሮ እንጂ ሽቦ አይደለም። ዜሮ ነጥብ ሰባት አምፔር ይላል። ብዙ ነው?»

እኔ ባሕር ዳር አንድ ክረምት ለመብራት ሠራተኛ መሰላል ይዣለሁ። መሰላል የሚይዝ ሰው ብዙ ይሰማል፤ ሌላ ሥራ የለውማ። ስለዚህ ደረቴን ነፋሁና፣ «ቮልት ማለት የርብ ወንዝ ወደ ሜዳው ሲወርድ ያለው ግፊት ነው። አምፔር በቦዩ የሚያልፈው ውኃ ነው። ሁለቱን ስታባዢ ስንት ማሳ እንደሚያጠጣ ታውቂያለሽ፤ ዋት ማለት እሱ ነው» አልኳት። ሁለት መቶ ሃያን በዜሮ ነጥብ ሰባት አባዛን፤ መቶ ሃምሳ አራት ዋት ወጣ። ትንሽ ነው። ሁለት የድሮ አምፖል።

«ብሬከሩስ?»

ብሬከሩ ላይ ሃያ አምፔር ይላል። ሁለት መቶ ሃያ ሲባዛ በሃያ፣ አራት ሺህ አራት መቶ ዋት። የግቢው ሁሉ ድርሻ ይኸው ነው። አንድ የመብራት ምጣድ ብቻውን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ይወስዳል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከጣደ ሰባት ሺህ ሆነ፤ ብሬከሩ ይወድቃል። ለዓመታት የተሰዳደብንበት ምሥጢር ይህች ናት፤ አንድ የማባዛት ሒሳብ።

ሰገን ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጻፈች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እንቁላሉ አንዴ ከገባ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ መቀዝቀዝ የለበትም። የእናቴ ጊደር ተሸጣ ነው ይህ የተገዛው። አባቴ ‹ይህም ካልሆነ ተመልሰሽ ሩዝ ታጭጃለሽ፣ ወረታን እርሺው› ብሎኛል።»

ብትሄድ እኔን ምን አገባኝ። ክፍሉ ሌላ ተከራይ አያጣም።

ጥቅምት 17

ግቢው ተሰበሰበ። እኔም ተነሥቼ፣ «ለአጨዳ ወንፈል እንደምትገቡት ለምጣድም ግቡ። እያንዳንዱ ቤት የምጣድ ቀን ይኑረው። በሌላው ቀን ሁሉም በልክ በልኩ ይጠቀም። የሰገን ማሽን ትንሽ ስለሚበላ ሌት ተቀን ይሥራ» አልኩ። ቁጥሩንም በጠመኔ በር ላይ ጻፍኩት።

ተስማሙ! እኔ የተናገርኩት ነገር ላይ ሰው ሲስማማ ያየሁት ዛሬ ነው፤ ደነገጥኩ።

«ሹም ያስፈልገዋል» አሉ አያ በላቸው። «ሹም የሌለው ነገር ይበተናል።»

ማኅበር ላይ ጽዋውን የሚመራው ሙሴ ይባል የለ? እኔ የዋት ሙሴ ተባልኩ። አያ በላቸው ማኅተም ካልተቀረጸ ብለው ነበር፤ መሪጌታ ናቸው ያበረዷቸው።

ብሬከሩ ዛሬ አልወደቀም። ሰገን «ጎበዝ» አለችኝ።

ጥቅምት 21

ዛሬ የሠራሁትን ብጽፈው ይሻላል፤ በሳቅ ልፈነዳ ነው።

አያ በላቸው ጣራ ገዳም ሱባዔ ሰንብተው መጡ። የምጣድ ቀናቸው እሳቸው በሌሉበት አልፏል። ገና አቧራቸውን ሳያራግፉ ጠሩኝ።

«አንተ ሙሴ! ተራዬ እኔ ገዳም ሳለሁ አልፏል። ዋቴን ማን በላው?»

«ማንም አልበላውም አያ። ተቀምጦልዎታል።»

«የት?»

«ቆጣሪው ውስጥ ነዋ። ያልተጠቀሙበት ዋት ይጠራቀማል። ጎተራ ይበሉት።»

ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። እሳቸው ወደ ቆጣሪው ሄዱና ጆሯቸውን ለጠፉበት። ቆጣሪ ደግሞ እዝዝ ማለት ልማዱ ነው።

«ይሰማኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ብዙ ነው።»

ከአክስቴ የጠላ ጋን ኋላ ተደብቄ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ጥቅምት 23

አያ በላቸው ቴሌቪዥናቸውን ሸፍነውታል። አምፖላቸውንም ነቀሉ። ገና ጀምበር ሳትጠልቅ እራት በልተው ይተኛሉ። ለኅዳር ሚካኤል ዝክራቸው እያጠራቀሙ ነው።

ጥቅምት 24

ተዛመተ። አክስቴ ኩራዝ አወጣች። «የእህቴ ልጅ አይደለህ? ለኔ አብዝተህ አስቀምጥልኝ» ትለኛለች። ጠጪዎቿ በጨለማ ዋንጫ ተለዋውጠው ሊደባደቡ ነበር። ገበያው በእውነት በመቀስ መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ የቆረጠውን የአንዱን ጆሮ አይቻለሁ፤ አልወደቀም፣ ግን አስቦበት ነበር።

መሪጌታ ለብቻዬ ጠርተው፣ «ልጄ፣ በሰንበት የተጠራቀመ ዋት ሥራ ሆኖ ይቆጠራል ወይስ ዕረፍት?» አሉኝ።

«ዕረፍት ነው፣ አባቴ። እርስዎ እኮ ምንም አላደረጉም።»

«እሱስ ልክ ነው» አሉ፤ ደስ አላቸው።

እንደ እውነቱ ከሆነ የቀልዴን ያህል የሠመረልኝ ነገር በዕድሜዬ የለም።

ጥቅምት 25

ሰገን እንቁላሉን ዛሬ ማሽኑ ውስጥ አስገባች። አንድ በአንድ፣ እንደሚሰበር ነገር። (የሚሰበር ነገርማ ነው።) እኔ ሣጥኑን ደግፌ ያዝኩ። እጃችን ተነካካ። ስለ ሙቀቱ ነው የምጽፈው፤ ሠላሳ ሰባት ምናምን ነው ብላኛለች፣ የማሽኑ።

ጥቅምት 29

ሰው ሁሉ እጅ ይነሣኛል። የጠላ ቤት ሰዎች እንኳ «ሙሴ፣ ወዲህ በል» ይሉኛል። «የኔ ስንት ደረሰ?» ለሚለኝ አፌ ላይ የመጣልኝን ቁጥር እሰጠዋለሁ። ለአያ በላቸው ከሁሉም አብልጬ ነው የምሰጣቸው፤ ካልበለጡ ያማቸዋል።

ኅዳር 2

ሰገን ደረሰችበት። ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«አንተ፣ ዋት ይጠራቀማል ብለሃቸዋል?»

«እነሱ ናቸው ያሉት።»

«ማስተዋል።»

«እሺ፣ እኔ ነኝ። ምን ችግር አለው? ብሬከሩ ወደቀ? ደም ፈሰሰ?»

ልብሱን ገመዱ ላይ ተወችው። «ለሚካኤል ሁሉም ያጠራቀመውን በአንድ ቀን ሊያወጣ ነው። አያ በላቸው ከጎረቤት ምጣድ እየተዋሱ ነው። ያን ቀን የኔ እንቁላል ሊፈለፈል ጥቂት ቀን ነው የሚቀረው። ሽቦው ቢቃጠል ባትሪዬ ግማሽ ቀን ነው። ከዚያስ?»

አንዱን መቆንጠጫ ከገመዱ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። 

ነገ እነግራቸዋለሁ አልኳት።

ኅዳር 3

ነገ።

ኅዳር 4

አክስቴ ዛሬ ዶሮ ሠርታ ፈረሰኛውን ለኔ አወጣች። በዶሮ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ኅዳር 5

መሪጌታ ሲያገኙኝ መረቁኝ፤ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው፣ ረዘም አድርገው። ከምርቃት በኋላ ምን ይባላል? ነገ።

ኅዳር 7

ሰገን ሰላም አትለኝም። በሩ ላይ ስትደርስ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ሰማይ ላይ ምንም የለም፤ አይቻለሁ።

ዛሬ አያ በላቸው ለአክስቴ ሲነግሯት በግድግዳ በኩል ሰማሁ፦ «ያ ልጅ ሰው ሆነ እኮ። ዋዛ ብቻ መስሎኝ ነበር። እናቱ ባየችው።»

አክስቴ አለቀሰች። እኔ ተነሥቼ ሜዳው ድረስ ሄድኩ። ሩዙ ቢጫ ሆኗል፤ ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። አንድ ሰውዬ ቆም ብሎ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ዋት ጎድሎብኝ ነው» አልኩት። እኔ ራሴ አልሳቅሁም።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እናቴን ለምን አነሧት?

ኅዳር 10

ነገርኳቸው። ነገሩ እንዲህ ነበር።

ለዝክሩ ዝግጅት ሁሉም አያ በላቸው ደጃፍ ተሰብስበው እንጨት ይፈልጣሉ፣ ጌሾ ይወቅጣሉ። መካከል ላይ ቆምኩና፣ «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ዋት አይጠራቀምም። ቀልዴን ነበር። መብራት ያኔውኑ ካልተጠቀሙበት የለም፤ የትም አይቀመጥም። ለሚካኤል ሦስት ምጣድ ቢጣድ ሽቦው ይነድዳል» አልኩ።

 ስድብ ጠበቅሁ። ድንጋይም ጠበቅሁ። አያ በላቸው ግን መጥረቢያውን አስቀምጠው ተጠጉኝና ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እኔ በቀበሌ ዘመኔ ብዙ ጎተራ ጎድሎ አይቻለሁ። ጎተራ ሲጎድል ጠባቂው የሚናገረው ይህንኑ ነው። ‹መጀመሪያውንም እህል አልነበረበትም› ይላል።»

«ኧረ አያ! እውነቴን ነው!»

«ስንቱን በላኸው?» አለ ገበያው። «የኔንም ነካክተሃል?»

«ዋት እንዴት ይበላል አንተ ቀሽም!»

«እሱን እኛ ነን የምንጠይቅህ!»

መሪጌታ እጄን ያዙኝ። «የሸጥክለት ሰው ካለ ተናገር። ቀኖናውን ቀላል አደርግልሃለሁ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን አክስቴ ጌሾዋን ትወቅጥ ነበር። ከዚያ ዐይኗ ወደ ጓሮ ሄደ። «የበላው የሰገን ማሽን ነው!» አለች። «ሌት ተቀን የሚጎርስ እሱ ብቻ አይደለም? የእህቴን ልጅ አታላ ነው!»

እኔን ልታድን ብላ ነው። አክስቴ ስትወደኝ ሰው ትጎዳለች።

ከዝክሩ ማግስት የሰገን ሽቦ ይቆረጥ እንደሆነ ሊፈርዱ ተቀጣጠሩ። ሰገን በሯ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እኔን አላየችኝም። ሰማዩንም አላየችም።

እንግዲህ ለውሸቴ ሙሴ አደረጉኝ፤ ለእውነቴ ሌባ።

ኅዳር 11

ተሽሬያለሁ። ገበያው ዱላ ይዞ ቆጣሪውን ይጠብቃል። ስጠጋ «ሂድ፣ አንዲት ዋት አታገኝም» ይለኛል።

አያ በላቸው ወፍራም ሽቦ ይዘው ወደ ብሬከሩ ሲሄዱ አየሁ። «ምንድነው አያ?» ስላቸው «የኔን ሀብት አንቆ የያዘውን ላልፈው ነው» አሉኝ። ብሬከሩን ሊዘሉት! ጮኽኩ። ገበያው በዱላው ገፋኝ።

ሰገን ባትሪዋን ሞልታለች። ቢያንስ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

እጄ ጥላሸት ነው፤ ደብተሩ ቢቆሽሽ ይቅር።

ሦስቱንም ምጣድ ጣዱ። አንድ የመብራት ምድጃም ጨመሩ። አክስቴ ቴሌቪዥን፣ መሪጌታ ውኃ ማፍያ፣ ገበያው ቶንዶሱን ያለ ጸጉር አስነሣው፤ እንዲሁ ለማየት። በጭንቅላቴ አባዛሁ አካፈልኩ፤ ከሃምሳ አምፔር በላይ በሃያ አምፔር ሽቦ! አያ በላቸው መሀል ቆመው «ይኸው! ይኸው! የለም ያለው የታለ?» ይላሉ። እውነትም ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ሠራ። ያን ጊዜ እኔም ራሴ፣ ምናልባት ይጠራቀም ይሆን እንዴ አልኩ።

ከዚያ ሽታው መጣ። ፕላስቲክ ሲቃጠል ያለው ያ ሽታ። ግድግዳው ላይ ያለው ሽቦ ላበው፣ ከዚያ ጨሰ፣ ከዚያ ነደደ። ገበያውን ገፍትሬ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩት። መሪጌታ በአፈር አጠፉት። ማንም አልተጎዳም። ከቆጣሪው እስከ ጓሮ ያለው ሽቦ ግን ቀልጦ እንደ ቅጥራን ተንጠባጥቧል።

ድግሱ በእንጨት ተሠራ፤ ዘገየ፣ ግን ተበላ። ከተበላ በኋላ ነገውን ሳይጠብቁ እዚያው ተቀመጡብኝ።

«መጀመሪያ የጎደለው ዋት ይገኝ» አሉ አያ በላቸው። «ሙሉ ቢሆን ኖሮ ሽቦው አይቃጠልም ነበር። ዋቱ ሳይገኝ ሽቦው አይነካ፤ ማስረጃ ነው።»

«አያ፣ ሰገን ያላት ባትሪ እስከ ማታ ብቻ ነው! እኔ ሽቦውን አሁኑኑ...»

«አይነካም!»

ያን ጊዜ ሰገን ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። 

«ዋቱን እኔ አሳያችኋለሁ» አለች። «ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ገላው ወደ መቶ ዋት ሙቀት ይሰጣል። እያንዳንዳችሁ ተሸክማችሁት ትዞራላችሁ። ማስገባት የሚፈልግ ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ ይምጣ።»

«የት ነው የሚገባው?» አሉ አያ በላቸው።

«እንቁላሉ ውስጥ።»

አያ በላቸው ጋቢያቸውን አጣፉ። «ብሬከር የለውም?»

«የለውም አያ።»

«እንግዲያስ መጣሁ።»

ኅዳር 13

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ ቀኙ እንቁላል ይዟል።

የሰገን ክፍል ሞልቷል። ማሽኑ ውስጥ በጀሪካን ሙቅ ውኃ አስገብታለች፤ እሱ የማይበቃላቸውን እንቁላሎች ደግሞ ለሰው አደለች። አያ በላቸው ጋቢያቸው ውስጥ ደርዘን ያህል ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸውን ሳይቀር ይቆጥባሉ።

«ስናገር ይፈሳል?» አሉ በሹክሹክታ።

«በተለይ ሲቆጡ» አለች ሰገን።

ከዚያ ወዲህ አልተቆጡም። ግቢው እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

አክስቴ «ጠላ ቢጠጡ ይጨምራል?» አለች። ሰገን «ጥቂት» አለቻት። አሁን ጠጪዎቹ ሁሉ መጥተዋል፤ እያንዳንዱ ብብቱ ሥር ሁለት ሁለት እንቁላል ይዞ እንደ ቆራቢ አንገቱን ደፍቷል።

ለኔ ከሁሉም የበለጠ ሰጠችኝ። ሸሚዜ ውስጥ፣ ጋቢ ውስጥ፣ ጭኔ መሀል። ገበያው በር ላይ ቆሞ፣ «ማስተዋል፣ ስትነሣ ንገረን፣ ጥሬ እንበትንልሃለን!» ይላል። የሰፈር ልጆች በመስኮት በኩል እንደ ዶሮ ይንጫጫሉ። እኔ ሰው ላይ ስስቅ ኖሬ የማላውቀውን ነገር አወቅሁ፤ እንቁላል የታቀፈ ሰው መልስ መስጠት አይችልም። ተንቀሳቅሶ ማሳደድም አይችልም። ዝም ብሎ ይሰደባል።

ኅዳር 14

ሰው ሲቀንስ፣ ሁለታችን ብቻ ስንቀር (አያ በላቸው ተቀምጠው አንቀላፍተው ነበር)፣ «እኔ የዋሸሁትን አንቺ ደገምሽው» አልኳት።

«እኔ አልዋሸሁም። ሰው መቶ ዋት ይሰጣል፤ እውነት ነው። ይጠራቀማል አላልኩም። አስገቡ አልኩ፣ እያስገቡ ነው።»

«ይቅርታ» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ። ከዚያ ገበያው ብቅ ብሎ «ኩኩሉ!» አለና ተመለሰ። ቃሉም ተመለሰ።

እሷ ግን የሸሚዜን እጀታ ጎተት አድርጋ፣ «ያቺኛዋ ወጥታለች፣ አስገባት» አለችኝ።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። መሪጌታ በር ላይ ቆመው ከራሳቸው ጋር ተከራከሩ። በመጨረሻ፣ «የተከለከለው መብላቱ እንጂ መታቀፉ አይደለም» ብለው ገቡና ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ተቀመጡ።

አንድ እንቁላል ሰበርኩ። ተንቀሳቀስኩና። ውስጡ ላባ ያለው ነበር፤ ሞቶ። ሰገን በጨርቅ ጠቅልላ ወሰደችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 16

ቀኑ ዛሬ ነበር። ምንም የለም። ሰገን እያንዳንዱን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። «ቀዝቅዟቸው ከሆነ ይዘገያሉ» ትላለች። «ይዘገያሉ» ደጋግማ። ማንን እንደምታጽናና እንጃ።

አባቷ ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሣችም።

ሰዉ መሰላቸት ጀምሯል። ገበያው «ዋቴን የት አባቷ እንደከተተችው እንጃ» ሲል ሰማሁት። አያ በላቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

ኅዳር 17

ጠዋት መሪጌታ ውዳሴያቸውን አቋረጡ። መሪጌታ ውዳሴ ሲያቋርጡ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሁላችንም ቀና አልን።

«ነቀነቀኝ» አሉ።

ጋቢያቸውን ገለጥ ሲያደርጉ እንቁላሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በቀዳዳዋ ጫፍ ምንቃር። ከዚያ የአንዱ ጠጪ ብብት ጮኸ። ከዚያ የኔ ሸሚዝ! ደረቴ ላይ የሆነ ነገር እየተራገጠ፣ እርጥብ፣ ቁጡ፣ «ጭው ጭው» ይላል። ሰገን ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለች፤ ትስቃለች፤ ታለቅሳለች፤ ክርታስ አምጡ ትላለች። አክስቴ እልል አለች። ገበያው ደግሞ ሌላ ጊዜ ዝም የማይለው፣ መዳፉ ላይ አንዷን ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሁሉም አልተፈለፈሉም። ከግማሽ በላይ ግን ወጡ። እስከ ከሰዓት ድረስ ሲወጡ ዋሉ።

አያ በላቸው የመጨረሻው ናቸው። ጥጋቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ ጋቢያቸውን በጣታቸው ከፈቱ። አንድ ቢጫ ጫጩት ወጥቶ ጉልበታቸው ላይ ወጣ፣ ወደቀ፣ እንደገና ወጣ። ለረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ የሹመት ድምፃቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰገን፣ ልጄ። ሒሳብ ሒሳብ ነው። እስካሁን ያስገባሁትን ማውጣት እፈልጋለሁ።»

  ይኸው መጣ፣ እንደገና ሊጀመር ነው አልኩ።

ሰገን አጠገባቸው ተንበረከከች። «ዋትዎ ያውና አያ» አለቻቸው፤ «በእግሩ ቆሟል።»

አያ በላቸው ጫጩቱን አዩት፤ እሷን አዩ። እኔንም አዩኝ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ ዐይናቸው ግን እንደ በፊቱ ሌባ የሚያይ ዐይን አልነበረም። ጫጩቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው ክርታሱ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጡት።

«እንግዲያስ እዚሁ ይቀመጥ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «አንተ! ነገ ሽቦ እንገዛለን። ብሬከሩንም በደንቡ እሰር። ወፍራሟን ሽቦ እኔ ራሴ ጥያታለሁ።» ወጡ፤ ከበሩ ላይ ግን መለስ ብለው አክስቴን «ቴሌቪዥኔን የሸፈንኩበትን ጨርቅ ገፈሽ አምጪው፣ ለጫጩቶቹ ይሁን» አሏት።

ሰዉ ሲበተን የሰገን ስልክ ጮኸ። አባቷ ነው። ክርታሱን ተሸክሜ አጠገቧ ስለነበርኩ የሰማሁት ሳልሰርቅ ነው።

«አባዬ፣ ተፈለፈሉ። አልመጣም። ሩዙን ሌላ ሰው ይጨድልህ።»

ከወዲያ ብዙ ተነገራት። 

«መብራቱማ ተቃጥሎ ነበር» አለች። «አንድ ልጅ ነው የታቀፈልኝ።»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ይሁን ቁጣ የሆነ ነገር ጮኸ። እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ እኔን አየችኝ። እኔ የምመልሰው ቀልድ ነበረኝ፤ ሁለት ሦስትም ነበረኝ። ሳልናገራቸው ክርታሱን ይዤ ቆምኩ።